ከአሥር ስንት?

እኔ የሚያጉረመርም ሰው አልወድም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ሃያ ዓመት ያህል ማዋለጃ ክፍል ሠርቻለሁ። እዚያ የሚጮህ ሰው ሞልቷል፤ ግን ጩኸቱ ቶሎ ያልቃል፣ ሲያልቅም ልጅ ይገኛል። ከማዋለጃ የወጣሁት ወገቤ አላስቆም ስላለኝ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ «ደከመኝ፣ ሥራ ልቀይር» ብዬ ነው የወጣሁት። ነርስ ወገቤን አመመኝ ስትል ማን ይሰማታል? ወገቡን የማያመው ነርስ የት አለና!

አንድ የአንጎልና የነርቭ ሐኪም አውቃለሁ። ተማሪ ሳለ የመጀመሪያውን ሕፃን በእጁ ሲቀበል ከጎኑ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ሲያመነታ «ያዘው እንጂ፣ አይነክስህም!» ብዬ ጮኬበታለሁ። አልረሳውም መሰለኝ፣ ከዓመታት በኋላ ደወለልኝ። ሥር የሰደደ ሕመም እንዴት እንደሚታከም ጥናት ልጀምር ነው፣ የማትሰለችና የማታዳላ መረጃ ሰብሳቢ እፈልጋለሁ አለኝ። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው ሲለኝ እሺ አልኩት።

ቦታው ከፈረንሳይ ሰፈር ከፍ ብሎ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር፤ ከካርድ ክፍሉ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጡን። ቤቴ ኮተቤ ነው። ከኮተቤ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ፈረንሳይ፣ ከዚያ ደግሞ ዳገቱን በእግር። ስደርስ ወገቤ ለሁለት የተከፈለ ይመስለኛል። እሱን ይዤ ቁጭ እልና ሌላዋን ሴት «ወገብዎን ከአሥር ስንት ያምዎታል?» እላታለሁ። ጉድ እኮ ነው!

የምንጠይቃቸው ከእንጦጦ እንጨት የሚያወርዱ ሴቶችን ነበር። ጫካው በከፊል መናፈሻ ቢሆንም ቅጠልና ጭራሮ የሚያወርዱት አልጠፉም። ማለዳ ይወጣሉ፤ ከቁመታቸው የሚረዝም የባሕር ዛፍ ሸክም ጀርባቸው ላይ በገመድ ጠፍረው፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ ይወርዳሉ። አንገታቸውን፣ ትከሻቸውን፣ ራሳቸውን ያማቸዋል። ሕመሙ ከሦስት ወር ያለፋቸውን እንመዘግባለን፤ ማታ ማታ የምትዋጥ አንዲት ትንሽ ክኒን እንሰጣለን፤ አንገት የሚያፍታታ እንቅስቃሴ እናሳያለን። ከዚያ በየሳምንቱ ሕመማቸውን በቁጥር እንጠይቃለን። ዜሮ ማለት ምንም የለም፤ አሥር ማለት ከዚህ የባሰ አይታሰብም።

ከሥራው በፊት ሥልጠና ነበረው። አሠልጣኟ አጥብቃ የነገረችን አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ቁጥሩን ሲናገር ፊታችሁ ላይ ምንም አይታይ። «ውይ» አትበሉ፣ «እሰይ» አትበሉ፣ አታሞግሱ፣ አታባብሉ፤ ጽፋችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። እኔ በልቤ ሳቅኩ። እናቴ «ያንቺ ፊት እንደ ተዘጋ ሱቅ ነው» ትለኝ ነበር። ለዚህ ሥራ የተፈጠርኩ ነኝ ብዬ አሰብኩ።

እኚያ ሴት የመጡት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ያኔም «እማማ» ነበር የምላቸው። ስልሳ ይጠጋሉ። ከጋሞ በልጅነታቸው መጥተው ዕድሜያቸውን የጨረሱት እንጦጦ ሥር ነው። ባል የላቸውም፣ አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ከጸሎት ቤታቸው አይቀሩም። አጭር ናቸው፤ አንገታቸው ከሸክሙ ብዛት ወደ ፊት አዘንብሎ ቀርቷል። ሳቅ ይቀናቸዋል። ከሚስቅ ፊት እስከሚያለቅስ ፊት የተደረደረበትን ካርድ ሳሳያቸው ጣታቸውን መጨረሻው ላይ አሳርፈው «ይቺ ደግሞ ማን ሞቶባት ነው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ራስዎን ከአሥር ስንት ያምዎታል?»

«ጌታ ይመስገን።»

«እሱማ ይመስገን። ከአሥር ስንት?»

«ምን ይባላል ልጄ። መሽቶ ይነጋል። ጌታ ይመስገን።»

«እማማ፣ ቁጥር ነው የጠየቅኩዎት!»

ቆጣ ስል ደንገጥ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሰው ምስጢር የሚያወጡ ይመስል፣ «ስምንት» አሉ። ጻፍኩ።

እውነቴን ነው፣ ያንን መጠይቅ ያሰናዳው ሰው እኛን አያውቀንም። እኛ ዘንድ ከምስጋና በፊት ሕመም አይወራም። እግሩ የተሰበረ ሰው እንኳ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደህና ነኝ፣ ተመስገን፣ እግሬ ብቻ ተሰበረች» ነው የሚለው። አሥር ማለት ደግሞ ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው። አፉን ሞልቶ እንዲህ የሚል ማን ደፋር ነው? የባሰ አታምጣ ነው የሚባለው። አሥር ያለችኝ ሴት አላስታውስም። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ያወቅኩት ግን ለጨዋታ ነው። ምሳ ላይ ከካርድ ክፍሏ ልጅ ጋር እያነሳን እንስቅበት ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት እማማ መጡ። «ሰባት» አሉኝ፣ ሳልቆጣ።

«እሰይ! ጎበዝ!» አልኩ።

አፌ ነው ያመለጠኝ። ማዋለጃ ውስጥ ሃያ ዓመት የተናገርኩት ቃል ነው። «ጎበዝ፣ ግፊ! ጎበዝ፣ አሁን ተንፍሺ! ጎበዝ የኔ እናት!» ይህ አፍ በሁለት ቀን ሥልጠና አይገራም። ፊቴም ሳይፈታ አልቀረም፤ ምክንያቱም እማማ ፊታቸው በራ፣ ክኒናቸውን ተቀብለው ጣታቸውን በቀለም አትመው ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው አዩኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ግን ምንም አልመሰለኝም። አንድ ቃል ምን ያደርጋል?

በሦስተኛው ሳምንት ስድስት አሉ። ጎበዝ አልኳቸው። በአራተኛው አምስት። ቅጹ ላይ «አዲስ ያጋጠመ ችግር አለ?» የሚል ጥያቄ ነበር፤ «ዓይኔ ላይ ትንሽ ጉም ቢጤ አለ» አሉኝ። ያቺ ክኒን ዓይን ታደበዝዛለች፤ የጎንዮሽ ጉዳት ከተባሉት ውስጥ ተጽፏል፤ ምልክት የማደርግበት ሳጥንም ተዘጋጅቶለታል። ምልክት አደረግኩ።

«ክኒኗ ናት እማማ። ይለመዳል።»

«ከተለመደማ ምን ችግር አለው» አሉ።

እንጨት መሸከም መተዋቸውንም ነገሩኝ፤ «ልጄ ተይ አለችኝ» ብለው። ይህም ጥሩ ነው ብዬ ጻፍኩ። አንድ ቀን ክኒን መቀበያው ወረቀት ላይ ጣታቸውን ሲያትሙ ወረቀቱን ስተው ጠረጴዛዬን በቀለም አበላሹት። «ቀስ ይበሉ እንጂ እማማ!» እያልኩ በሶፍት ጠረግኩት። ለሐኪሙ ስለ እሳቸው ስነግረው ደግሞ እንደ ራሴ ልጅ ውጤት ነበር የማወራለት፤ ከስምንት ተነስተው አራት ደረሱ፣ መድኃኒትህ ሠራ እያልኩ። እሱም ደስ አለው። ሦስት ያሉኝ ዕለት ከወንበሬ ተነስቼ ትከሻቸውን መታ መታ አደረግኳቸው። ሳቁልኝ። ሲወጡ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ነበር የሄዱት። አየሁ። አይቼ ደግሞ ቀጣይዋን ጠራሁ።

በማግስቱ ጠዋት ልጃቸው መጣች። ሲ.ኤም.ሲ አንድ ዳቦ ቤት ትሠራለች፤ ዱቄቱ ሸሚዟ እጅጌ ላይ ነበር። ሰላምታም የላት።

«ከአሥር ስንት የምትይው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«እናቴ በየጠዋቱ ታስመልሳለች። በር ስታልፍ መቃኑ ይመታታል። ትናንት ውሃ ስትቀዳ ከጆጉ ውጪ ነው የቀዳችው፣ መሬት ላይ! ለምን ለሲስተሯ አትነግሪያትም ስላት፣ ‹እዚያማ ጎበዝ ነኝ› ትለኛለች። ምንድን ነው ጎበዝ ማለት?»

ፋይላቸውን አወጣሁና ፊቷ ዘረጋሁት። «ይኸው፣ ሦስት ብለዋል። ትናንት ነው ያሉት።»

«ሦስት? ራሷን በነጠላ ጠፍራ ግድግዳ ተደግፋ ነው የምትውለው!»

«እኔ የተነገረኝን ነው የጻፍኩት እህቴ።»

«እንግዲያው ወረቀቱን ነዋ የምታክሚው!»

ተናደድኩ። በእሷ ነው የተናደድኩት፤ አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል። መልስ ላገኝ ወረቀቱን ሳገላብጥ ግን ክኒን መቀበያው ወጣ፤ የየሳምንቱ የጣት አሻራ ከላይ ወደ ታች ተደርድሮበታል። የመጀመሪያው ሳጥኑ መሐል ነው። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው መስመሩን ነክቷል። ከዚያ በኋላ ያሉት ወደ ቀኝ እየሸሹ፣ እየሸሹ ሄደው የመጨረሻው ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ግማሹ ብቻ ቀርቷል። ሁሉንም ያስፈረምኩት እኔ ነኝ። ልጅቷን ተቀመጪ አልኳትና ለሐኪሙ ደወልኩ።

ያንኑ ዕለት ከሰዓት እማማን አመጣቻቸው። ሐኪሙ አንገታቸውን ወደ ደረት ሊያጥፍ ሲሞክር እንደ ደረቅ እንጨት እምቢ አለው። ከዚያ በትንሿ መብራት ዓይናቸውን ከውስጥ ተመለከተ፤ ቀኙን፣ ግራውን፣ እንደገና ቀኙን። ብዙ ቆየ።

«ሲስተር» አለኝ ወደ ውጪ ወስዶ፣ «ይሄ የሸክም ሕመም አይደለም። አንጎላቸው ላይ ግፊት አለ። ኢንፌክሽን ይመስለኛል፣ ምን ዓይነት እንደሆነ ግን አላውቅም።»

ሆስፒታል ገቡ። ሲቲ ስካን ተነሱ፤ ዕጢ የለም ተባለ። የቀረው ከጀርባቸው፣ ከአከርካሪው መሐል፣ በመርፌ ፈሳሽ መውሰድ ነበር። እዚህ ላይ እማማ እምቢ አሉ። እኛ ሀገር ወገቡን የተወጋ ሰው ሽባ ይሆናል የሚል ወሬ አለ፤ በሽተኛው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ከመርፌው በኋላ ይሞታል፣ ስሙ የሚጠፋው መርፌው ነው። የጎን አልጋዋ ታማሚም «እኔማ አላስነካም» እያለች ታበረታታቸዋለች። ሐኪሙ ሥዕል ሥሎ አስረዳቸው፤ ልጃቸው አልቅሳ ለመነቻቸው። «ጀርባዬ ነው እንጀራዬ፣ አይነካም» አሉ።

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አገኘኝ። «ግፊቱ የዓይናቸውን ነርቭ እየጨፈለቀው ነው። ዛሬ ነገ ከተባለ ዓይናቸው ይጠፋል፤ ከዚያ ቀጥሎ ሕይወታቸው ነው። አንቺን ይሰሙሻል፣ ግቢ።»

ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ድምፄን ሰምተው ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ፣ ትንሽ ስተው።

«እማማ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አልኳቸው። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

እጃቸውን ወደ ጀርባቸው ሰድደው፣ «መርፌው ከአሥር ስንት ያማል?» አሉኝ።

እኛ ነርሶች እንዲህ ሲጠየቅ የምንለው የታወቀ ነው። ምንም አይልም፣ የጉንዳን ንክሻ ነው እንላለን። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«ስድስት» አልኩ። «ብዙ አይቆይም፤ ግን ስድስት ነው።»

«ስድስት ከሆነማ ይሁን። የኔ አሥር ነው።»

«እማማ! ሦስት ብለውኝ ነበር እኮ!»

«አንቺማ ያን ሁሉ ዳገት ወገብሽን ይዘሽ ትመጫለሽ። መንገድ ላይ አይሽ ነበር። ስትቀመጪ ጠረጴዛውን ተደግፈሽ ነው የምትቀመጪው፣ ስትነሺም እንዲሁ። ፊትሽ ሁልጊዜ እንደ ተቋጠረ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ ብቻ ይፈታል።» የአልጋ ልብሱን በእጃቸው እያሻሹ ቀጠሉ። «እኔ ምን አለኝ ልጄ የምሰጥሽ? ባዶ እጄን ነው የምመጣ።»

ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። በሥራ ላይ አልቅሼ አላውቅም፤ ሕፃን ሞቶ እንኳ ቤቴ ገብቼ ነበር የማለቅስ። ሐኪሙ እምቢ ያሉ መስሎት «ምን አሉ?» አለኝ። «እሺ ብለዋል» አልኩትና ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ።

መርፌው ሲገባ የያዝኳቸው እኔ ነኝ። በጎናቸው አስተኝተናቸው ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው አጥፌ፣ በሁለት እጄ አቅፌ፣ አገጬን ጭንቅላታቸው ላይ አድርጌ። ምጥ ላይ ያለችን ሴት እንዲህ ይዤ አውቃለሁ። አፌ ከልምዱ «ጎበዝ» ሊል ሲል ከንፈሬን ነከስኩ። ፈሳሹ ጠብ ጠብ ማለት ሲገባው እየተንዠቀዠቀ ወጣ፤ ጥርት ያለ ውሃ ነበር።

የላቦራቶሪው ሰው ከፈሳሹ ጠብታ ወስዶ ጥቁር ቀለም ጨመረበትና ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገው። «ነይ ሲስተር፣ ይሄን እይ» አለኝ። አጎንብሼ አየሁ። ሁሉም ነገር ጥቁር ሆኖ መሐሉ ላይ ነጭ ቀለበቶች አሉ፤ በየቀለበቱ ውስጥ አንዳንድ ትንሽ ክብ ነገር ቁጭ ብሏል። ፈንገስ ነው አለኝ። ያምራል ብል ትቀየሙኛላችሁ፤ ግን ያምር ነበር። አንድ በአንድ ለመቁጠር ሞከርኩና ተውኩት።

ይህ ፈንገስ አንጎል ውስጥ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ኤች.አይ.ቪ ያለበትን ሰው ነው የሚይዘው። እማማ ተመረመሩ፤ የለባቸውም፣ ሌላም የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚያዳክም በሽታ አልተገኘባቸውም። ሐኪሙ ቀኑን ሙሉ ሲያነብ ዋለ። በማግስቱ ዓይኑ እያበራ መጣ፤ የዚህ ፈንገስ አንድ ዘመድ አለ፣ ጤነኛ ሰውም ይይዛል፣ በሌላ ሀገር ከባሕር ዛፍ ላይ ተገኝቷል አለኝ። «ባሕር ዛፍ፣ ሲስተር! ዕድሜያቸውን ሙሉ አፍንጫቸው ሥር የነበረ ነገር!» ደስታውን አየሁበት። አልፈረድኩበትም። ሳይገባው ከኖረ ነገር ጋር የተገናኘ ሰው እንደዚያ ነው የሚሆነው፤ እኔም ቀለበቶቹን ቆሜ ሳይ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እንጦጦ ወጥተን ቅርፊት ፋቅን። እሱ በቢላዋ ይፍቃል፣ እኔ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ እከታለሁ፣ ቁጥር እጽፋለሁ። ሸክም ይዘው የሚወርዱ ሴቶች ቆም ብለው አዩን። አንዷ «ለምንድን ነው?» ስትል ሐኪሙ በሽታ እንፈልጋለን አላት። «እኛን ብትጠይቁን አይሻልም?» ብላ ሸክሟን አስተካክላ ሄደች። ቅርፊቶቹ ተመርምረው ምንም አልተገኘባቸውም። አለመገኘቱ የለም ማለት አይደለም አለኝ ሐኪሙ። ከዛፉ ይሁን፣ ከርግብ ኩስ ይሁን፣ ከአፈሩ ይሁን እስካሁን አናውቅም።

እማማ ብዙ ሳምንት ሆስፒታል ተኙ። በደም ሥራቸው የሚሰጠው መድኃኒት ያንቀጠቅጣቸው ነበር፤ ግፊቱን ለማስተንፈስ ጀርባቸው ደጋግሞ ተወጋ። አንድም ቀን እምቢ አላሉም። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ከአሥር ስንት እላቸው ነበር። «ዘጠኝ» ይሉኛል፣ «ዛሬ ስምንት ተኩል»፤ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ዳኑ። ዓይናቸው ግን አልዳነም። ግራው ጨርሶ ጠፋ፤ ቀኙ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያል። «ጉም አለ ያሉኝ ጊዜ ብልክልህ ኖሮ?» ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኩት። «ምናልባት» አለኝ። ያቺን ቃል ጠላኋት። አዎ ቢለኝ ወይ አይደለም ቢለኝ ቁርጤን አውቅ ነበር።

ጥናቱ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። የእማማ ቁጥሮች ተሰረዙ፤ ሕመማቸው ሌላ ስለሆነ ከመጀመሪያውም መግባት አልነበረባቸውም ተባለ። ከስምንት እስከ ሦስት የወረደው መስመር አንድ ቀን ጠዋት ከኮምፒውተሩ ጠፋ። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ የቀሩት ሴቶች መስመር ነው። ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ «ጎበዝ ስላቸው ነበር» አልኩት።

ሳቀ። «ጎበዝ ማለት ምን ችግር አለው?»

«ሁሉንም ነው የምለው። ቁጥሩ ሲወርድ።»

እዚህ ላይ አልሳቀም። ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ የሴቶቹ ቁጥር በሙሉ እንደ አዲስ፣ በሌላ ሰው እንዲጠየቅ አዘዘ። አልተከራከርኩም። አሁን የምሠራው ካርድ ክፍል ነው፤ ስም እጽፋለሁ፣ ፋይል አወጣለሁ፣ ማንንም ስንት አልልም።

ባለፈው ሰሞን እማማ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት፤ ታክሲ ውስጥ የምለውን ስደጋግም ነበር። ቤታቸው ዳገቱ ላይ ነው፣ ከታች የቀበና ወንዝ ድምፅ ይሰማል። ደጃፋቸው ላይ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ገና ሳልናገር «ሲስተር ነሽ» አሉ። «እንዴት አወቁ?» ስላቸው «እርምጃሽ! ወገብሽን ይዘሽ ነው የምትራመጂ» ብለው ሳቁ። ልጃቸው ሥራ ሄዳለች። እየዳበሱ ገብተው የተቀቀለ ድንች ከዳጣ ጋር አመጡልኝ፤ ልርዳዎት ብል ተቆጡኝ። ድንቹን በላሁ። ስለ ጎረቤት አወሩ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ። ታክሲ ውስጥ ያጠናሁትን ይቅርታ ሳልናገር ድንቹ አለቀ። የተዘጋ ሱቅ ያለችኝ እናቴ እውነቷን ነው።

«አንቺስ፣ እንዴት ነሽ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እሱማ ይመስገን። ከአሥር ስንት?»

«ምን ይባላል እማማ...»

«ሲስተር፣ ቁጥር ነው የጠየቅኩሽ!»

ኮስተር ብለው ነው ያሉኝ። የኔው ድምፅ ነበር፣ የኔው ቁጣ። ሰው እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ዓይናቸው የኔን ፊት ስቶ ትከሻዬ አካባቢ ቆሟል፤ ይጠብቃሉ።

«ዘጠኝ» አልኩ።

እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን እስኪያገኙት ፈለጉት።

«ጎበዝ» አሉኝ።